የክብ መጋዝ ማሽን አጠቃቀምና የሠራተኞች ደኅንነት በደሴና በኮምቦልቻ የእንጨት ሥራ ቤቶች

በደቡብ ወሎ በሚገኙት በደሴና በኮምቦልቻ ከተሞች አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ በርና መስኮት፣ ወንበርና ጠረጴዛ የሚያመርቱ የእንጨት ሥራ ቤቶች በየሠፈሩ አሉ። ከቤተሰቡ ጋር የሚሠራው አናጢም ሆነ በማኅበር ተደራጅተው የሚሠሩት ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙት አንድ ዓይነት መሣሪያ ነው፤ ከብረት ጠረጴዛ ሥር በሞተር የሚሽከረከርና ጥርሱ ከጠረጴዛው በላይ ብቅ ያለ ክብ መጋዝ። በሙያተኞች ዘንድ «ሰርኩላር» በሚለው ስሙ ይታወቃል። የእንጨት ሥራ ማሽኖች ሁሉ ጥንቃቄ ይሻሉ፤ ይሁን እንጂ ጣትንና እጅን በማሳጣት ይህን የሚስተካከለው ጥቂት ነው።

ይህ መረጃ የተዘጋጀው በዚህ ማሽን ለሚሠሩ፣ ሠራተኛ ቀጥረው ለሚያሠሩና ልጆቻቸውን ለሙያ ልምምድ ለሚልኩ ዜጎች ነው። ማሽኑ በምን መንገድ ጉዳት እንደሚያደርስ፣ ምን ሊሟላለት እንደሚገባ፣ አደጋ ሲደርስ ምን መደረግ እንዳለበትና ሕጉ ለተጎጂው የሚሰጠው መብት ምን እንደሆነ ይገልጻል።

ጉዳቱ የሚደርስበት መንገድ

ዲያሜትሩ 300 ሚሊ ሜትር የሆነ የመጋዝ ዲስክ በደቂቃ 2,850 ጊዜ በሚዞር ሞተር ላይ በቀጥታ ቢታሰር፣ የጥርሶቹ ጫፍ በሰከንድ 45 ሜትር ያህል ይጓዛል። ይህ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ሲሆን፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ማንም ሾፌር የማይደፍረው ፍጥነት ነው። ዲስኩ 40 ጥርስ ካለው በአንድ ሰከንድ ውስጥ 1,900 ጥርሶች በአንድ ነጥብ ላይ ያልፋሉ። ሰው የሚያመውን ነገር አውቆ እጁን ለመሰብሰብ ከሰከንድ አምስት እጅ አንዱን ያህል ጊዜ ይፈጅበታል፤ በዚያች ቅጽበት ውስጥ ግን ወደ 380 የሚጠጉ ጥርሶች አልፈዋል። ስለዚህ «ከነካኝ እጄን ቶሎ እሰበስባለሁ» በሚል መተማመን የሚሠራ ሰው ስሌቱ ከመነሻው የተሳሳተ ነው።

ከዲስኩ ጋር በቀጥታ ከመነካካት ሌላ፣ ብዙ ሠራተኛ የማይጠብቀው ሁለተኛ አደጋ አለ። ይኸውም እንጨቱ ራሱ ወደ ሠራተኛው ተመልሶ መወርወሩ ነው። በሠራተኛው በኩል ያሉት የዲስኩ ጥርሶች ወደ ታች ስለሚወርዱ እንጨቱን ወደ ጠረጴዛው ይጫኑታል፤ በስተኋላ ያሉት ጥርሶች ግን ወደ ላይ ይወጣሉ። የተሰነጠቀው እንጨት በስተኋላ ተጋጥሞ ዲስኩን ከያዘው፣ ወይም ጠመም ብሎ የኋላ ጥርሶችን ከነካ፣ እነዚህ ጥርሶች ያነሡትና በራሳቸው ፍጥነት ወደ ሠራተኛው ሆድ፣ ደረት ወይም ፊት ይወረውሩታል። እንጨቱ ሲፈናጠር የሚገፋው እጅ መደገፊያ ያጣና ወደ ዲስኩ ሊንሸራተት ይችላል። «እጄ ሳላስበው ገባ» ተብሎ ከሚነገረው አደጋ ብዙው እንዲህ የሚጀምር ነው።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ነጥብ ቀላል ነው። ሠራተኛው ሲቆርጥ ከዲስኩ መስመር ትይዩ መቆም የለበትም፤ ትንሽ ወደ ጎን ይላል። በማሽኑ ፊት ለፊት ባለው መስመር ላይም ደንበኛ፣ ሻይ የምታቀርብ ልጅ ወይም ተለማማጅ እንዳይቆም ያደርጋል። በጠባብ ቤት ውስጥ ማሽኑ በሩን እንዲያይ ተደርጎ ከተተከለ፣ የሚፈናጠረው እንጨት የሚያርፈው በገቢና ወጪው ላይ ስለሆነ አቀማመጡ መቀየር ይኖርበታል።

የሚቆረጠው እንጨት

በአካባቢው በብዛት ለሥራ የሚውለው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ሲያድግ በግንዱ ውስጥ ውጥረት ያጠራቅማል፤ በርዝመቱ ሲሰነጠቅም ይህ ውጥረት ይለቀቅና ሁለቱ ክፋዮች አንዳንዴ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፣ አንዳንዴም ተመልሰው ዲስኩን እንደ መቆንጠጫ ይጨብጡታል። በተለይ ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ሲሰነጠቅ ለእንጨት መፈናጠር የተመቸ ሁኔታ ይፈጠራል። የፈረንጅ ጽድ ከዚህ አንጻር የሚለሰልስ ቢሆንም ጉጡ ብዙ ነው፤ ጥርሱ ጉጥ ላይ ሲደርስ የመግፊያው ኃይል በድንገት ይለወጣል። ዋንዛና ዝግባ ለመሰንጠቅ የሚመቹ እንጨቶች ናቸው፤ ነገር ግን አገር በቀል ዛፎች በመሆናቸው ከየት እንደተገኙ ሕጋዊነታቸው ሊረጋገጥ ይገባል።

የሁለቱ ከተሞች አየር መለያየትም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ የምትገኝ ደጋ ስትሆን፣ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር ያላነሰ ዝቅ ብላ በሞቃታማው ወይና ደጋ ላይ ትገኛለች። በክረምት ደሴ ላይ ተከምሮ የቆየ ጣውላ እርጥበቱን ይዞ ይቆያል፤ ኮምቦልቻ ወርዶ ሳያርፍ ቢሰነጠቅ በመድረቅ ላይ እያለ ይጣመማል። ጣውላው በሚሠራበት ከተማ፣ ከመሬት ከፍ ተደርጎ፣ በመካከሉ አየር እንዲያልፍ በስስ እንጨት እየተለየ ተደርድሮ መቆየት አለበት። የጠመመ ጣውላ አስቀድሞ በመላጊያ አንድ ፊቱና አንድ ጎኑ መስተካከል ይኖርበታል፤ ጠረጴዛው ላይ የሚወዛወዝ፣ ከመሪውም ጋር የማይገጥም እንጨት በሰርኩላር አይቆረጥም።

ከፈረሰ ቤት የተገኘ ወይም ለኮንክሪት ሙሌት ያገለገለ ጣውላ ሌላ ጉዳይ ነው። ምስማሩ ተነቅሎ፣ የተሰበረውም ሳይቀር ተፈልጎ ካልወጣ፣ የተለጠፈው ሲሚንቶም ካልተፋቀ መቆረጥ የለበትም። ካርባይድ የተበየደበት ጥርስ ብረት ሲመታ ተሰብሮ እንደ ጥይት ይፈናጠራል።

ማሽኑ ሊሟላለት የሚገባ

በ2014 ዓ.ም. ሁለቱ ከተሞች የጦርነቱ ገፈት ቀማሽ በነበሩበት ወቅት የብዙ ድርጅትና ግለሰብ ንብረት መዘረፉና መውደሙ የሚታወስ ነው። ሥራውን እንደገና የጀመረ ሰው ያገለገለ ማሽን መግዛቱ ወይም ጠረጴዛውን በአካባቢው ብረት ሠራተኛ አስበይዶ ሞተር ማሳሰሩ የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም በእነዚህ ማሽኖች ላይ ቀድመው የሚጎድሉት ዕቃዎች ጣት የሚያድኑት ናቸው። መከለያና ከፋይ ብረት የሌለው ማሽን ያላለቀ ማሽን ነውና ዋጋው በዚያው ልክ ሊታይ፣ የጎደለውም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሊሟላ ይገባል።

ከፋይ ብረት ከዲስኩ በስተኋላ፣ ከዲስኩ ጋር በአንድ መስመር የሚቆም ቀጭን ብረት ነው። ሥራው የተሰነጠቀው እንጨት ተመልሶ እንዳይጋጠም መከላከል ነው፤ ከላይ የተገለጸው መፈናጠር ዋነኛ መድኃኒቱ ይኸው ነው። ውፍረቱ ከዲስኩ አካል መብለጥ፣ ጥርሱ ከሚከፍተው ስንጥቅ ግን ማነስ አለበት። ለምሳሌ የዲስኩ አካል 2.2 ሚሊ ሜትር፣ የሚከፍተው ስንጥቅ ደግሞ 3.2 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 2.5 ወይም 2.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ይስማማዋል። በጠረጴዛው ልክ ሲታይ በእርሱና በዲስኩ ጥርስ መካከል ያለው ክፍተት ከ8 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ዲስኩ ሲነካውም መጥፎ ነው። ጥሩ ብረት ሠራተኛ በቀላሉ የሚሠራው ዕቃ በመሆኑ ለመቅረቱ ምክንያት ማቅረብ ያስቸግራል።

መከለያው ከጠረጴዛው በላይ ያለውን የዲስኩን ክፍል ይሸፍናል። የሚቆረጠው እንጨት እስኪያልፍ ድረስ ብቻ ከፍ ብሎ፣ በተቻለ መጠን ወደ እንጨቱ ዝቅ ማለት አለበት። ብዙዎች «መስመሩን ይጋርደኛል» በማለት ያወልቁታል። መስመርን በዓይን እየተከተሉ መቁረጥ ግን የሰርኩላር አሠራር አይደለም፤ ልኩ በመሪ ብረት ከተያዘ በኋላ ዲስኩን ማየት አያስፈልግም። ከጠረጴዛው ሥር ያለው የዲስኩ ክፍል፣ ቺንጋውና ፑሌጃውም መሸፈን አለባቸው፤ ሰጋቱራ ለመጥረግ ጎንበስ ያለ ተለማማጅ እጁን የሚያጣው በዚያ በኩል ነው።

መሪ ብረቱ ከዲስኩ ጋር ፍጹም ትይዩ መሆን አለበት። በስተኋላ ወደ ዲስኩ የተጠጋ መሪ እንጨቱን በዲስኩና በራሱ መካከል ያጣብቀዋል። ለዚህ በየሳምንቱ፣ ማሽኑ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ፣ ከዲስኩ ፊትና ኋላ ያለውን ርቀት በሜትር መለካት በቂ ነው። ውጥረት ያለበት ባሕር ዛፍ ሲሰነጠቅ መሪው ከዲስኩ የፊት ጥርሶች ጥቂት አልፎ እንዲያበቃ ማሳጠር ይመከራል፤ ይህም የተሰነጠቀው ክፋይ የሚከፈትበት ቦታ ይሰጠዋል።

ዲስክ ሲገዛ የመሐል ቀዳዳውና ዲያሜትሩ ብቻ መታየታቸው በቂ አይደለም። በላዩ ላይ የታተመው ከፍተኛ የደቂቃ ዙር ከማሽኑ ዘንግ ዙር መብለጥ አለበት። ፑሌጃ በመቀያየር ዙሩ ከተጨመረ ይህ ቁጥር እንደገና መሰላት ይኖርበታል፤ የሞተሩ ዙር በሞተሩ ፑሌጃ ዲያሜትር ተባዝቶ በዘንጉ ፑሌጃ ዲያሜትር ሲካፈል የዘንጉ ዙር ይገኛል። የተሰነጠቀ፣ ጥርስ የጎደለው ወይም በሙቀት የጠቆረ ዲስክ ይወገዳል። ደንዝዞ እንጨት የሚያቃጥል ዲስክ ሠራተኛውን በኃይል እንዲገፋ ስለሚያስገድደው ከተሳለው ይበልጥ ያስፈራል።

የመብራት መጥፋትና መምጣት

በሥራ መካከል መብራት ሲጠፋ ሠራተኛው ማጥፊያውን ሳይጫን ወደ ሌላ ሥራ መሄዱ የተለመደ ነው። እንጨቱ በዲስኩ ላይ እንደቆመ፣ ወይም አንዱ ዲስኩን በብሩሽ እያጸዳ ሳለ መብራት ቢመጣ ማሽኑ በራሱ ይነሣል። ይህን የሚያስቀረው ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በራሱ የሚለቅና እንደገና ካልተጫነ የማያስነሣ ማግኔቲክ ኮንታክተር ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ነው። እንደ ቤት አምፖል በሚበራና በሚጠፋ ተራ ማብሪያ፣ ወይም ሽቦ በቀጥታ ብሬከር ላይ በማሰር ማሽን ማስነሣት በጥብቅ ሊወገድ ይገባል። ማጥፊያው ቀይና ሰፊ፣ ሠራተኛው ሁለት እጁ በሥራ ተይዞ በጉልበቱ ወይም በጭኑ ሊገፋው በሚችልበት ቦታ የተተከለ ቢሆን ይመረጣል። ማግኔቲክ ኮንታክተር እስኪገጠም ድረስ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር መጀመሪያ የሚደረገው ማጥፊያውን መጫን መሆኑን ሠራተኛው ሁሉ ሊለምደው ይገባል።

ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ሌላ ጠባይ አለው። ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱ ቦታ ከተለዋወጡ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል። ማሽኑ ወደ ሌላ ቤት ከተዛወረ፣ ሶኬቱ ከተቀየረ ወይም በመስመሩ ላይ ጥገና ከተደረገ በኋላ፣ እንጨት ከማቅረብ በፊት ለአፍታ ብቻ አስነሥቶ አዟዟሩን ማየት ግድ ነው። የፊት ጥርሶች ወደ ታች፣ ወደ ጠረጴዛው መውረድ አለባቸው። የማሽኑ አካል ከመሬት ሽቦ ጋር መያያዙም በሙያተኛ መረጋገጥ አለበት፤ በክረምት ወለሉ ሲረጥብ መሬት የሌለው የብረት ጠረጴዛ ራሱ ገዳይ ሊሆን ይችላል።

በሚቆረጥበት ጊዜ

ዲስኩ ከእንጨቱ በላይ የጥርሱን ቁመት ያህል ብቻ ብቅ ቢል ይበቃል። ከዚያ በላይ ከፍ ያለ ዲስክ እጅን ይበልጥ ያጋልጣል። ከፍታው የሚስተካከለው፣ ዲስኩም የሚለወጠው ማሽኑ ቆሞና ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ ብቻ ነው። ማጥፊያው ከተጫነ በኋላ ዲስኩ ለጥቂት ጊዜ መዞሩን ይቀጥላል፤ ያን ለማስቆም እንጨት በጎኑ መደገፍ በየሥራ ቤቱ የሚታይ መጥፎ ልማድ ነው።

እንጨት በርዝመቱ ሲሰነጠቅ መሪ ብረቱን ይዞ ይሄዳል፤ በአግድም ሲቆረጥ ደግሞ በጠረጴዛው ቦይ በሚንሸራተተው የአግድም መሪ ይገፋል። ሁለቱን መሪዎች በአንድ ጊዜ መጠቀም፣ ማለትም በአግድም የሚቆረጠውን እንጨት ጫፉን በመሪ ብረቱ ላይ አስደግፎ መግፋት፣ ቁራጩ በዲስኩና በመሪው መካከል ተይዞ እንዲወረወር ያደርጋል። ተመሳሳይ ቁመት ያላቸው ብዙ ቁራጮች ሲፈለጉ ከዲስኩ በፊት የሚያበቃ አጭር እንጨት በመሪው ላይ በመቆንጠጫ ይታሰርና ልኩ በእርሱ ይያዛል። ያለ ምንም መሪ በእጅ ብቻ መቁረጥ ፈጽሞ አይፈቀድም።

መግፊያ እንጨት ከሠራተኛው እጅ ሊለይ አይገባም። ርዝመቱ ከ450 ሚሊ ሜትር ያላነሰ፣ ጫፉ የእንጨቱን ጠርዝ እንዲይዝ የተቀረጸ ሊሆን ይገባል። ከ300 ሚሊ ሜትር ያነሰ እንጨት ሲሰነጠቅ ከመጀመሪያው፣ ረጅሙ ደግሞ የመጨረሻው 300 ሚሊ ሜትር ሲቀር የሚገፋው በእርሱ ነው። ከወዳደቀ ቁራጭ በአምስት ደቂቃ የሚሠራ ዕቃ ሲሆን፣ ሁለትና ሦስት ተሠርቶ በማሽኑ ጎን ቢንጠለጠል «አጣሁት» የሚለው ምክንያት ይቀራል። የተቆረጠ ቁራጭ ከዲስኩ አጠገብ የሚነሣውም በዚሁ መግፊያ ወይም ዲስኩ ፈጽሞ ከቆመ በኋላ ነው።

ረጅም ጣውላ በሁለት ሰው ሲሰነጠቅ፣ በስተኋላ ያለው ረዳት እንጨቱን መቀበል እንጂ መሳብ የለበትም። የጠረጴዛው መጨረሻ ከዲስኩ ቢያንስ 1,200 ሚሊ ሜትር እንዲርቅ በእንጨት ቢቀጠል ረዳቱ ወደ ዲስኩ የሚዘረጋበት ምክንያት አይኖርም። ሙሉ የኤም ዲ ኤፍ፣ የቺፑድ ወይም የኮምፔንሳቶ ቅጠል ለአንድ ሰውና ለትንሽ ጠረጴዛ አይመችም፤ ዙሪያውን መደገፊያ ማዘጋጀት ወይም አስቀድሞ በሌላ መጋዝ ለሁለት መክፈል ይሻላል።

ልብስ፣ አቧራና ድምፅ

በደሴ ብርድ ጋቢ ወይም ኩታ ደርቦ መሥራት የሚያስመኝ ቢሆንም፣ ተንጠልጣይ ነገር ሁሉ ከሚሽከረከር ማሽን አጠገብ አደጋ ነው። ሽርጥ፣ ሰፊ እጅጌ፣ ያልታሰረ የአንገት ልብስ፣ የእጅ አምባርና ቀለበትም እንዲሁ። ሴት ሠራተኞች ሻሻቸውን ወይም ሒጃባቸውን ጫፉን ወደ ውስጥ አስገብተው ማሰር ይኖርባቸዋል። ብዙዎችን የሚያስገርመው ጓንት መከልከሉ ነው፤ የጓንቱ ጨርቅ በጥርስ ሲያዝ እጁን ይዞ ይገባል። ጓንት የሚደረገው እንጨት ሲጫንና ሲወርድ፣ ዲስክም ሲፈታና ሲታሰር ነው።

የዓይን መከላከያ መነጽር ዘወትር ይደረጋል። የማሽኑ ድምፅ ለስምንት ሰዓት ሥራ እንደ አደገኛ ወሰን ከሚወሰደው 85 ዴሲቤል ስለሚያልፍ የጆሮ መከላከያም ያስፈልጋል። የእንጨት አቧራን ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1995 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ተርታ መድቦታል፤ የሚጎዳውም በተለይ አፍንጫንና በዙሪያው ያሉትን ክፍት ቦታዎች ነው። የኤም ዲ ኤፍ አቧራ ከዚህ በተጨማሪ ከሙጫው የሚወጣ ፎርማልዲሃይድ አለበት። አፍንጫና አፍን በሻርፕ መሸፈን ደቃቁን አቧራ አያስቀርም፤ አቧራ ለማጣራት የተሠራ ማስክ ያስፈልጋል። ሰጋቱራ በየቀኑ ተጠርጎ ከቤት ይወጣል፤ የተከማቸው ያንሸራትታል፣ በእሳትም በቀላሉ ይያያዛል።

የሠራተኛው ሁኔታም የማሽኑ ደኅንነት አካል ነው። መጠጥ የጠጣ ወይም ጫት የቃመ ሰው በሰርኩላር መሥራት የለበትም። በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም ወቅት ጾመኛ ሠራተኛ ባለበት ሥራ ቤት ከባዱን መሰንጠቅ ጠዋት ላይ አድርጎ ከሰዓት በኋላውን ለማጣበቅ፣ ለማለስለስና ለቀለም መተው ብልህነት ነው። የበዓል ዋዜማ ጥድፊያም እንዲሁ ይታሰብበት።

በማሽኑ ማን ይሠራል

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውን ወጣት ሠራተኛ ደግሞ በጠባዩ ወይም በሚከናወንበት ሁኔታ ለሕይወቱ ወይም ለጤናው አደገኛ በሆነ ሥራ ላይ ማሰማራት በአንቀጽ 89 ተከልክሏል። ሰርኩላር ከዚህ ዓይነት ሥራ የሚመደብ ለመሆኑ ከላይ የተገለጸው በቂ ማስረጃ ነው። በክረምት ዕረፍት ሙያ እንዲማር ወደ ሥራ ቤት የተላከ ተማሪ ልኬት፣ መላግ፣ ማጣበቅና ማለስለስ ሊማር ይችላል፤ የመጋዙን ማብሪያ ግን መንካት የለበትም። «የእኔ ልጅ ነው» ማለት የዲስኩን ጠባይ አይለውጠውም።

ለአዋቂ ሠራተኛም ቢሆን ሥልጠና ሳይሰጥ «እያየህ ትለምደዋለህ» ብሎ ማሰማራት አይገባም። በአካባቢው የደሴው ወይዘሮ ስሂን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅና የኮምቦልቻ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ይገኛሉ። ስለ እንጨት ሥራ ሥልጠናና አጫጭር ኮርሶች፣ በልምድ ሙያውን የተማረ ሰው ደግሞ ስለ ብቃት ምዘና ከእነዚህ ተቋማት ወይም በየከተማ አስተዳደሩ ከሚገኘው የሥራና ሥልጠና መምሪያ መረጃ ሊጠይቅ ይችላል።

አደጋ ሲደርስ

መጀመሪያ ማሽኑ ይጠፋል። የሚደማው ቦታ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ ተጭኖ እጁ ከልብ በላይ ከፍ ተደርጎ ይያዛል፤ ጨርቁ በደም ቢርስ ሳይነሣ ሌላ ይደረብበታል። በቁስሉ ላይ የቡና ዱቄት፣ ሰጋቱራ ወይም ዐመድ መነስነስ ደሙን የሚያቆም ቢመስልም ቁስሉን ይበክላል፤ ለሐኪሙም የማጠቡን ሥራ ያከብድበታል። ደሙ እየፈነጠቀ በመጫን አልቆም ካለ ብቻ ከቁስሉ በላይ በሰፊ ጨርቅ አጥብቆ ይታሰራል፤ የታሰረበትም ሰዓት ይመዘገባል።

የተቆረጠ ጣት ካለ ይፈለጋል። በንጹሕና በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ተጠቅልሎ በፕላስቲክ ከረጢት ይታሰራል፤ ከረጢቱ በረዶና ውኃ ባለበት ሌላ ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል። ጣቱ በረዶውን በቀጥታ መንካት ወይም በውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ የለበትም። ከተጎጂው ጋር አብሮ መሄድ ይኖርበታል፤ መመለስ ይችላል ወይም አይችልም የሚለውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ተጎጂው ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ስለሚችል ምግብና መጠጥ አይሰጠው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ አምቡላንስ ከዘገየ በተገኘው ተሽከርካሪ ወደ ቅርቡ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል። የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ክትባት ጉዳይ በዚያው ዕለት መጠየቅ አለበት። በሥራ ቤቱ የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን፣ በግድግዳም ላይ የተጻፈ የስልክ ቁጥር ቢኖር ያን ጊዜ የሚባክን ደቂቃ አይኖርም።

የአሠሪው ግዴታና የተጎጂው መብት

በአዋጁ አንቀጽ 92 መሠረት አሠሪው የሥራውን አደገኛነት ለሠራተኛው የማስረዳትና የማሠልጠን፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያዎችን የማቅረብ፣ የደረሰውን አደጋም የመመዝገብና ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ሠራተኛውም በበኩሉ ለደኅንነት የተገጠመን መሣሪያ ማንሣት፣ ማበላሸት ወይም ከቦታው ማስወገድ በአንቀጽ 94 ተከልክሏል። መከለያውን ያወለቀው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከአደጋ በኋላ ብዙ ጊዜ ክርክር የሚያስነሣው ለዚህ ነው።

በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ኃላፊ የማይሆነው ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ላደረሰው ጉዳት ሲሆን፣ አሠሪው አስቀድሞ በግልጽ የሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስ፣ ወይም አካሉንና አእምሮውን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ በሥራ ላይ መገኘት እንደዚሁ ሊቆጠር ይችላል። በመሆኑም መመሪያው በጽሑፍ ተሰጥቶ ሠራተኛው እንዲፈርምበት ማድረግ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል።

አሠሪው የሕክምናን፣ የቀዶ ጥገናን፣ የመድኃኒትንና አስፈላጊ ከሆነ የሰው ሠራሽ አካልን ወጪ ይሸፍናል። ሠራተኛው ለጊዜው መሥራት ባልቻለበት ወቅት እስከ አንድ ዓመት ድረስ ክፍያ ያገኛል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለሚቀጥሉት ሦስት ወራት ከ75 በመቶ የማያንሰውን፣ ለቀሩት ስድስት ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ የማያንሰውን። ጉዳቱ ዘላቂ የሆነበት ሠራተኛ የጉዳቱ መጠን በሕክምና ቦርድ በመቶኛ ይወሰንለታል። ሙሉ በሙሉ ከሥራ ውጭ ለሚያደርግ ዘላቂ ጉዳት የሚከፈለው የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ሲሆን፣ ከፊል ለሆነ ጉዳት፣ ለምሳሌ ለጣት መቆረጥ፣ ክፍያው ከዚሁ ላይ በመቶኛው መጠን ይሰላል። በጡረታ ዋስትና የተሸፈነ ሠራተኛ ጉዳይ በጡረታ ሕጉ መሠረት ይታያል።

እነዚህ መብቶች የሚሠሩት የቅጥር ግንኙነት መኖሩ ሲረጋገጥ ነው። ውሉ በቃል ቢሆንም ሠራተኛው መብቱን አያጣም፤ ማስረዳቱ ግን ይከብደዋል። በማኅበር የተደራጁ ባለቤቶች ደግሞ በአብዛኛው እርስ በርሳቸው አሠሪና ሠራተኛ ስለማይሆኑ ለራሳቸው የአደጋ መድን መግዛትን ወይም በመተዳደሪያ ደንባቸው የመደጋገፊያ ገንዘብ መመደብን ሊያስቡበት ይገባል።

አቤቱታና የምርመራ ጥያቄ ለማቅረብ

ማሽኑ መከለያ የሌለው መሆኑን ለአሠሪው አሳውቆ መልስ ያላገኘ፣ ወይም ጉዳት ደርሶበት ክፍያ የተከለከለ ሠራተኛ በሚሠራበት ከተማ ለሚገኘው የሥራና ሥልጠና መምሪያ ማመልከት ይችላል። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች በሥራ ሰዓት ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ወደ ሥራ ቦታ ገብተው የመመርመር ሥልጣን በሕግ ተሰጥቷቸዋል። ጉዳዩ በዚያ ካልተፈታ ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ የይርጋ ጊዜ ስላለ ሕክምና እስኪያልቅ ብሎ ማዘግየት አይገባም።

አመልካቹ መታወቂያውን፣ የቅጥር ውል ካለው ውሉን፣ ከሌለው ደመወዝ የተከፈለበትን የባንክ ወይም የፔሮል ማስረጃ፣ የሕክምና ካርድና የወጪ ደረሰኞችን፣ አደጋው የደረሰበትን ቀን፣ ሰዓትና አኳኋን የሚገልጽ ጽሑፍ፣ ያዩ ሰዎችን ስምና የማሽኑን ፎቶግራፍ ይዞ ቢቀርብ ጉዳዩ ቶሎ ይታይለታል። ፎቶግራፉ ማሽኑ ከመጠገኑ ወይም መከለያ ከመገጠሙ በፊት መነሣት አለበት። በሕመም ምክንያት ራሱ መቅረብ ያልቻለ ተጎጂ በሕጋዊ ወኪሉ አማካይነት ማመልከት ይችላል።